የሚጮኽ ስትራቶካስተር አዲስ ፒክአፕ ያስፈልገዋልን?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው በአንድ ቤተ ክርስቲያን ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር የሚጫወቱ ሲሆን፣ መሣሪያቸው ስኳየር የሚል ስም ያለው የስትራቶካስተር ዓይነት ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ፒክአፕ የሚባለው የክሮቹን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍሉ ነው። ጥያቄያቸው አጠር ተደርጎ እንዲህ ይላል፦

«ጊታር የምንወድ ጓደኛሞች እሁድ ከሰዓት እየተገናኘን ጊታሮቻችንንና አዲስ የገጠምንላቸውን ዕቃ እናሳያያለን። የእኔ ጊታር አምፕሊፋየር ላይ ሲሰካ ይጮኻል፤ ክሮቹን በእጄ ስነካ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ እጄን ሳነሳ ይመለሳል። ትሬሞሎውን (ክሮቹን የሚያላላውን ዘንግ) ከተጠቀምኩ በኋላ በተለይ ሦስተኛው ክር ከቅኝቱ ይወጣል። ከ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) በላይ ደግሞ ወፍራሞቹ ክሮች የሚንቀጠቀጥ፣ የተዛባ ድምፅ ይሰጣሉ። አንዱ ጓደኛዬ ሀምበከር የሚባል ፒክአፕ አስገጥሞ ከጩኸት ተገላግሏል፤ ፒክአፑ 14 ኪሎ ኦም ስለሆነ ጉልበቱ የእኔን እጥፍ ነው ይለኛል። ወንድሜ በቅርቡ ከአሜሪካ ይመጣል። በባትሪ የሚሠሩ አክቲቭ ፒክአፖች፣ ክር የሚቆልፉ መቃኛዎችና አንድ አነስተኛ ባለ ቱዩብ አምፕሊፋየር ያምጣልኝ? የጊታሩን እንጨት አስፈልፍዬስ ሀምበከር ላስገባ?»

እንጨቱን አያስፈልፍሉ፤ አክቲቭ ፒክአፕም አሁን አያስመጡ። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች መነሻቸው የተለያየ ነው፤ ፒክአፑ መጥፎ መሆኑን የሚያሳይ ግን ከሦስቱ አንድም የለም። ሁለቱን በካቻቢቴና በእርሳስ ማቃለል ይቻላል፤ ሦስተኛው ጥቂት የመዳብ ፎይልና የግማሽ ቀን ሥራ ይጠይቃል። ፒክአፕ የሚለወጠው ጊታሩ በትክክል ተስተካክሎ፣ ጩኸቱም ቀንሶ ሳለ ድምፁ ራሱ የማይስማማዎት ከሆነ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ውድ ፒክአፕ ገጥሞ በዚያው በተዛባ ቅኝት መጫወቱን ይቀጥላል።

ከጩኸቱ እንጀምር። በጊታርዎ ላይ ያሉት ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፖች እያንዳንዳቸው ማግኔት ከብበው በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የተጠቀለሉ ቀጭን የመዳብ ሽቦዎች ናቸው። የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ይኸው ጥቅል በአካባቢው ካለው የመብራት መስመር የሚመጣውን ሞገድም ሳይመርጥ ይለቅማል። የሀገራችን መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ በመሆኑ ከትራንስፎርመር የሚነሳው ጩኸት ወፍራም «ኡምም» ሆኖ ይሰማል፤ ከኤልኢዲና ከፍሎረሰንት መብራቶች፣ ከመብራት ማደብዘዣና ከሞባይል ቻርጀር የሚመጣው ግን ሻካራና ቀጭን «ዝዝዝ» ነው። ሁለቱ ወደ ጊታሩ የሚገቡበት መንገድ አንድ አይደለም። የመጀመሪያው በመግነጢሳዊ መስክ በኩል በቀጥታ ጥቅሉ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው በአብዛኛው በኤሌክትሪክ መስክ አማካይነት ያልተሸፈኑትን የውስጥ ሽቦዎች ያገኛል፤ በዚህ ጊዜ የተጫዋቹ ገላ እንደ አንቴና ሆኖ ሞገዱን ተቀብሎ ወደ ጊታሩ ያቀብላል።

ክሮቹን ሲነኩ ጩኸቱ መቀነሱ ታዲያ ብዙ ነገር ይነግረናል። ክሮቹ በብሪጁ (በጊታሩ ሰውነት ላይ በሚያርፉበት ብረት) በኩል ከጊታሩ የግራውንድ ሽቦ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሲነኳቸው ገላዎ የለቀመው ሞገድ በዚያ በኩል ይወርዳል። ይህ ማለት የብሪጅ ሽቦዎ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው የውስጥ ሽፋን ነው። ብዙ ሰው ይህን ምልክት «ግራውንዱ ተበጥሷል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ እውነታው የዚያ ተቃራኒ ነው።

ከመፍታትዎ በፊት ሁለት ሙከራዎችን ያድርጉ። አስቀድመው ኬብሉን በሌላ ሰው ኬብል ይለውጡ፤ ጥፋቱ ያለው ኬብሉ ውስጥ ከሆነ ጊታሩን መክፈት ከንቱ ድካም ነውና። ቀጥሎ ቮልዩሙን ከፍ አድርገው በቆሙበት ቦታ ቀስ ብለው ይዙሩ፣ የፒክአፕ መምረጫውንም በአምስቱም ቦታዎች ላይ ይሞክሩት። ሲዞሩ ጩኸቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም መምረጫው ሁለተኛና አራተኛ ቦታ ላይ ሲሆን የሚጠፋ ከሆነ፣ የቀረው ጩኸት መግነጢሳዊ ነው። በብዙ ዘመናዊ ስትራቶካስተሮች ላይ የመካከለኛው ፒክአፕ ጥቅልና ማግኔት የተገላቢጦሽ ስለሚደረግ፣ በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ሁለት ፒክአፖች በአንድነት ሲሠሩ አንዱ የለቀመውን ጩኸት ሌላው ያጠፋዋል። ሀምበከርም የሚሠራው በዚሁ ስልት ነው፤ በጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሴዝ ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 የባለቤትነት ማመልከቻ ያስገባበት፣ በ1959 ማረጋገጫ ያገኘበት ፈጠራ በአንድ ፒክአፕ ውስጥ ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ጩኸቱን እርስ በርስ ማጣፋት ነበር። ጓደኛዎ የተገላገሉት በዚህ ምክንያት እንጂ በ14 ኪሎ ኦሙ አይደለም።

ሽፋኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። ክሮቹን አላልተው ያውጡ፣ የፊት ፕላስቲኩን ብሎኖች ፈትተው ፕላስቲኩን ከነፒክአፖቹ በጥንቃቄ ይገልብጡት። የተቦረቦረውን የእንጨት ጉድጓድ ግድግዳና ወለል፣ እንዲሁም የፕላስቲኩን የውስጥ ገጽ በመዳብ ፎይል ይሸፍኑ፤ የፎይሉ ጠርዝ ጥቂት ወደ ላይ ወጥቶ ከፕላስቲኩ ፎይል ጋር እንዲነካካ ያድርጉ። የፎይሉ ቁርጥራጮች ሁሉ በኤሌክትሪክ መገናኘታቸውን በመልቲሜትር ካረጋገጡ በኋላ አንድ ሽቦ ከፎይሉ ወደ ቮልዩም ፖቱ (ከማዞሪያ ቁልፉ ሥር ወዳለው መቆጣጠሪያ) ጀርባ ሶልደር ያድርጉ። የአልሙኒየም ፎይልም ያገለግላል፤ ነገር ግን ተራ ሶልደር አይዘውምና ሽቦው በትንሽ ብሎን መታሰር ይኖርበታል። ብዙዎች ሥራውን የሚያበላሹት በጃኩ (ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ) እና በመምረጫው ዘንድ ነው፤ የሲግናል መስመሩ ጫፍ ፎይሉን ከነካ ጊታሩ ጭራሽ ድምፅ አይሰጥም። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ፎይሉን በናስትሮ ይሸፍኑት። ለሞባይል ጠጋኝ የሚሰጡት ከሆነም ይህን ይወቁ፤ ለስልክ የሚሆነው ሹል ጫፍ ያለው መበየጃ የፖትን ጀርባ ለማሞቅ አቅም የለውም፣ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ ሲቆይም ፖቱን ከውስጥ ያቃጥለዋል። የቴሌቪዥንና የአምፕሊፋየር ጠጋኞች መበየጃ የተሻለ ነው።

ሽፋን ወሰን አለው። «ዝዝዝ» የሚለውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ በትራንስፎርመር አጠገብ ሲቆሙ የሚሰማውን «ኡምም» ግን ቀጭን ፎይል አያቆመውም። ለዚያ መድኃኒቱ ከአምፕሊፋየሩ ራቅ ብሎ መቆም ወይም ጩኸት የሚያጣፋ ፒክአፕ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደኅንነት ያለ ማለሳለስ መናገር ይገባል። ክሮቹን ሲነኩ ጩኸቱ የሚጨምር ቢሆን፣ ወይም ጊታሩን ይዘው ከንፈርዎ ማይክራፎኑን ሲነካ የሚነዝርዎት ከሆነ፣ መጫወትዎን በዚያው ቅጽበት ያቁሙ። ይህ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ ጊታሩ አይደለም፤ ሶኬቱ የመሬት መስመር፣ ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ የሚሉት፣ የሌለው መሆኑ፣ ወይም የአምፕሊፋየሩ ስፒና ሦስተኛ እግር ተቆርጦ ወይም ኧርዝ በማያስተላልፍ አስማሚ በኩል ተሰክቶ መገኘቱ ነው። ጩኸት ለመቀነስ ተብሎ ኧርዝን መቁረጥ በመድረኮቻችን የተለመደ ቢሆንም፣ ከሚያውቁት ሁሉ ድርጊት የከፋው ይህ መሆኑን ለባንድ ጓደኞችዎ ይንገሩ። መብራት ሲጠፋ ወደ ጄኔሬተር በሚዛወር አዳራሽ ውስጥ ጄኔሬተሩም በራሱ ኧርዝ መታሰሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪሻን መጥቶ መስመሩን ለክቶ እስኪያስተካክል ድረስ የገመድ አልባ ማስተላለፊያ መጠቀም ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ስለሚለየው በእጅዎ በኩል የሚመጣውን አደጋ ያስቀራል፤ አምፕሊፋየሩን ወይም ማይኩን የሚነካ ሌላ ሰው ግን አሁንም አደጋ ላይ ነውና የመስመሩን ጥገና አይተካም።

ከ12ኛው ፍሬት በላይ የሚሰማው መንቀጥቀጥ ከሁሉ የሚቀለው ነው፤ ገንዘብ በከንቱ በማስወጣት ግን ከሁሉም ይህ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሰው ፍሬቱ ተበላሽቷል ብሎ ፍሬት ያስለውጣል። የስትራቶካስተር ፒክአፕ ምሰሶዎች በአብዛኛው ራሳቸው ማግኔት ናቸው። ፒክአፑ ወደ ክሩ አብዝቶ ሲጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፤ የተሳበ ክር ደግሞ በነፃነት አይወዛወዝም፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ቅኝት ያለው ይመስላል። ጉልበት ይጨምራል ብሎ ፒክአፑን ወደ ላይ የሚያወጣ ተጫዋች ይህን በራሱ እጅ ያመጣዋል። ክሩን በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ከክሩ ታች እስከ ማግኔቱ ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ለተለመደው ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፕ በስድስተኛው ክር በኩል 2.4 ሚሊ ሜትር፣ በአንደኛው ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ከአንገቱ አጠገብ ካለው ፒክአፕ ይጀምሩ፤ ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ፒክአፖቹ ተገቢው ርቀት ላይ ሳይሆኑ ብሪጁ ላይ ኢንቶኔሽን (ክሩ በአንገቱ ሁሉ ላይ ትክክለኛ ቅኝት መስጠቱን) ለማስተካከል መሞከርም ዋጋ የለውም፤ የሚለኩት ቅኝት ራሱ የተዛባ ነው።

ወደ ሦስተኛው ክር እንሂድ። ክር የሚቆልፉ መቃኛዎች መልካም ዕቃ ናቸው፤ ክር መለወጥን ያፋጥናሉ፣ በመቃኛው ላይ የሚጠቀለለውን ትርፍ ዙርም ያስቀራሉ። የእርስዎን ችግር ግን አይፈቱም። ትሬሞሎው ሲጫን ክሩ ይላላና በአንገቱ ጫፍ ባለው ነት በሚባለው ቁራጭ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ሲለቀቅ ወደ ነበረበት መመለስ ሲገባው ቦዩ ያንቀውና መንገድ ላይ ይቀራል። ሲቃኙ «ቲክ» የሚል ድምፅ ከሰሙ በኋላ ቅኝቱ በድንገት የሚዘል ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ቦዩን በለስላሳ እርሳስ ደጋግመው ይቀቡት። ካልበቃ፣ ምናልባት ከ009 ክር ወደ 010 ተሸጋግረው ይሆናል (ቁጥሩ የክሩ ውፍረት በኢንች ሺኛ ነው)፤ በተለመዱት ጥቅሎች ሦስተኛው ክር ከ016 ወደ 017፣ ስድስተኛው ከ042 ወደ 046 ስለሚወፍር ለቀጭኑ የተቆረጠው ቦይ ወፍራሙን ይጨብጠዋል። ያኔ ቦዩ ጎንና ጎኑ ብቻ በስሱ ይሞረዳል። ትክክለኛ የነት ሞረድ ካልተገኘ የኦክሲጅን ብየዳ የሚሠሩ ሰዎች የችቦ አፍ የሚያጸዱባቸው ቀጫጭን ሞረዶች ይረዳሉ። ወለሉን ግን አይንኩ፤ አንድ ጊዜ ከጠለቀ ክሩ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ይንጣጣል፣ መፍትሔውም አዲስ ነት ብቻ ይሆናል።

በተጨማሪ ትሬሞሎው ወደ ላይም ወደ ታችም እንዲንቀሳቀስ ተንሳፍፎ የተስተካከለ ከሆነ፣ የጀርባውን የስፕሪንግ መያዣ ብሎኖች አጥብቀው ብሪጁ ሰውነቱ ላይ ተኝቶ እንዲያርፍ እመክርዎታለሁ። ድምፅ ወደ ታች ማውረድ ይችላሉ፤ ወደ ላይ መሳብ ያጣሉ። በምላሹ አንድ ክር በመዝሙር መሐል ቢበጠስ የተቀሩት አምስቱ ከነቅኝታቸው ይቆያሉ፤ በተንሳፈፈ ብሪጅ ላይ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ከፍ ብለው ይወጣሉ። የእኛ አጨዋወት በነጠላ ድምፅ የሚሄድ፣ ክር እየታጠፈ የሚያለቅስ ነው፤ የሮሃ ባንዱን የሰላም ስዩምን ጊታር ያዳመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። በትዝታ ወይም በአምባሰል ቅኝት ብቻዋን በምትሰማ ድምፅ ላይ የሦስተኛው ክር መዛባት የሚደበቅበት ኮርድ የለም።

አንገቱን በሚመለከት፣ ከክረምት ወደ በጋ ሲሻገር የእንጨቱ እርጥበት ስለሚለወጥ የክሩ ከፍታ ከተለወጠብዎት አይደናገጡ። ስድስተኛውን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በ8ኛው ፍሬት ላይ ያለው ክፍተት 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደኅና ነው። ትራስ ሮዱን፣ ማለትም በአንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ዘንግ፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አያዙሩት፤ አልዞር ካለም በጉልበት አይግፉት።

አሁን ወደ 14 ኪሎ ኦሙ። በመልቲሜትር የሚለካው የሽቦው ተቃውሞ እንጂ የፒክአፑ ጉልበት አይደለም። ቀጭን ሽቦ ከወፍራም ሽቦ በተመሳሳይ ዙር የበለጠ ተቃውሞ ያሳያል፤ የማግኔቱ ዓይነትና ጥንካሬ ደግሞ በዚህ ቁጥር ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሽቦው አለመበጠሱን ለማወቅና በአንድ ዓይነት ሽቦና ማግኔት የተሠሩ ሁለት ፒክአፖችን ለማነጻጸር ነው። ዙር ሲበዛ ጉልበት ቢጨምርም የላይኛው ጥራት እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የስትራቶካስተር ጥርት ያለ ድምፅ የሚወደደው ደግሞ በዚያ በሚደበዝዘው ክፍል ነው። ጊታሮች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚጮኸው ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ይመስላል፤ ቮልዩማቸው ከተስተካከለ በኋላ እንደገና አድምጡና ፍርዱን ያኔ ስጡ።

አክቲቭ ፒክአፖች ጸጥተኞች መሆናቸው እውነት ነው። በውስጣቸው ትንሽ ማጉያ አለ፤ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራሉ፤ የታወቀው የኢኤምጂ ምርት የሚጠቀመው 25 ኪሎ ኦም ፖት ነው፤ አምራቹ የብሪጁ የግራውንድ ሽቦ እንዲነሳም ይመክራል፤ ይህም ክሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ስለሚለያቸው በንዝረት ረገድ ጥቅም አለው። ሆኖም ፖቶቹና ጃኩ አብረው መለወጥ አለባቸው፣ ለባትሪው ቦታ መፈለግ አለበት፣ ኬብሉ ተሰክቶ ካደረም ባትሪው ያልቃል። በአገልግሎት መሐል ባትሪ አልቆበት ድምፁ የተቆራረጠ ሰው ይህን ጥቅም በሌላ ዓይን ያየዋል። ለእርስዎ ዓይነት ጥርት ያለ አጨዋወት አስፈላጊ ነው አልልም።

ሀምበከር ማስገባትን በተመለከተ፣ ፊቱን ሲፈቱ ጉድጓዱን ይመልከቱ። ብዙ ስትራቶካስተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ እንጨታቸው ለሀምበከር በሚበቃ ስፋት ተቦርቡሮ፣ የሚታየው ፕላስቲክ ብቻ ለነጠላ ጥቅል ተቆርጦ ይመጣል። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልገው ሌላ ፕላስቲክ እንጂ መሮ አይደለም። ጠባብ ከሆነ ደግሞ በነጠላ ጥቅል መጠን የተሠሩ፣ ሁለት ጥቅሎችን አንዱን በሌላው ላይ የደረቡ ጩኸት አልባ ፒክአፖች አሉና ምንም ሳይቆረጥ ይገባሉ። የተፈለፈለ እንጨት አይመለስም፤ የሚሸጥበትን ዋጋም ይቀንሳል። የወጡትን ፒክአፖች፣ ፖቶችና ብሎኖች ሁሉ በአንድ ከረጢት ያስቀምጡ።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ትልቁ ጣጣ አለመግጠም ነው፤ ከሐዋሳ ሆኖ ዕቃን ወደ አሜሪካ መመለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። በርካሽ ሞዴሎች ላይ ያሉት ፖቶች ትናንሽ ስለሆኑ የአሜሪካው ፖት በፕላስቲኩ ቀዳዳ አያልፍም፣ የድሮው ማዞሪያ ቁልፍም በአዲሱ ፖት ጥርስ ላይ አይገባም። የብሪጁ ክር ርቀት ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ በአንዳንዶቹ ስኳየሮች ሰውነቱ ቀጭን በመሆኑ ሙሉ መጠን ያለው የትሬሞሎ ብሎክ ከጀርባ ይወጣል። የመቃኛ ቀዳዳዎችም እንዲሁ።

የቱዩብ አምፕሊፋየሩን አያስመጡ። በአሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ በቀጥታ እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል። ቮልቴጅ መቀነሻ ትራንስፎርመር ቢደረግለትም ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 ብቻ ታስቦ የተሠራ የኃይል ትራንስፎርመር በ50 ላይ ከመጠን በላይ ሊሞቅ ይችላል። ከጀርባው 220 ወይም 230 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚል ምርጫ ያለው ካልሆነ በስተቀር አምፕሊፋየርን እዚሁ መግዛት ይሻላል።

ስለዚህ ወንድምዎ የሚያመጡት ይህ ይሁን፦ ጥቂት ጥቅል 009 ወይም 010 ክር፣ ሁለት ጥሩ ኬብል፣ ሙጫው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ የመዳብ ፎይል፣ ለስትራቶካስተር የተቆረጠ የግራፋይት ወይም የአጥንት ነት፣ የስስ ክፍተት መለኪያ፣ እንዲሁም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ለኢፌክት ፔዳል የሚሆን ጸጥተኛ አዳፕተር። እስኪመጡ ድረስ የፒክአፑን ርቀት፣ የነቱን ቦይና ብሪጁን ያስተካክሉ፤ ፎይሉ ሲደርስ ሽፋኑን ይሥሩ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ በሌሎቹ ብቻ የሚያጉረመርም ከሆነ፣ ጩኸት አልባ ባለ ድርብ ጥቅል ፒክአፕ መግዛት ተገቢ ይሆናል፤ የፖቶቹንም መጠን የፒክአፑ አምራች በሚያዘው መሠረት ይምረጡ፤ ለባለ ነጠላ ጥቅል የተለመደው 250፣ ለሀምበከር 500 ኪሎ ኦም ነው። ነቱን ጨምሮ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ግን የነቱን ስፋት፣ የፖቱን ቀዳዳ፣ የሰውነቱን ውፍረትና ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ክር በብሪጁ ላይ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ለክተው፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ በማንሳት ለወንድምዎ ይላኩላቸው።